በሁለት መስታወት መሃል የዋለ ዕድሜ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ልጄ በደወለች ቁጥር የምትለኝ አንድ ነገር ነው፤ «እማዬ፣ አሁን እንኳ አርፈሽ ቁጭ በዪ።» ቁጭ እላለሁ። ከዚያ እነሳለሁ። የግድግዳ ሰዓቱን አውርጄ ባትሪውን አያለሁ። ጎረቤቴን ሪሞቷ ይሠራ እንደሆነ እጠይቃታለሁ። ሁሉም ደኅና ከሆነብኝ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ከራጉኤል ጀርባ ካለው ቤቴ እወጣና በጨርቅ ሱቆቹ መሃል እየተሹለከለክሁ እስከ አንዋር መስጊድ ሄጄ እመለሳለሁ። የምገዛው የለኝም፤ የምሸጠውም የለኝም። ዕድሜ ልኩን ሲሠራ የኖረ እጅ ሥራ ሲያጣ እግርን አላስቀምጥ ይላል። እንግዲያው እጄ ቢያንስ እስክሪብቶ ይያዝ ብዬ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ሙያዬን ባንድ ቃል መናገር ያስቸግረኛል። መርካቶ ሳለሁ «ኤልሲዲ የምትሠራዋ» ይሉኝ ነበር፤ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ስቀጠር መታወቂያዬ ላይ «የላቦራቶሪ ቴክኒሻን» ተብሎ ተጻፈ። ነገሩ ግን አንድ ነው። በካልኩሌተር፣ በእጅ ሰዓት፣ በዲጂታል ሚዛን፣ በሞባይል ስክሪን ውስጥ ሁለት ስስ መስታወቶች አሉ፤ በመካከላቸው ከፀጉር በቀጠነ ክፍተት ውስጥ ፈሳሽ ታሽጓል። ፈሳሽ ክሪስታል ይባላል። እንደ ዘይት ይፈሳል፤ ነገር ግን ውስጡ ያሉት ቅንጣቶች እንደ ዘይት ዝብርቅርቅ ያሉ አይደሉም፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ተሰልፈው ነው የሚፈሱት። ኤሌክትሪክ ሲነካቸው ሰልፉ ይዞራል። ሰልፉ ሲዞር ያልፍ የነበረው ብርሃን ይታገዳል፤ ያን ጊዜ ቁጥር እናያለን። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።

መንግሥት ከመለወጡ በፊት ራዲዮ መገጣጠሚያ ፋብሪካ ውስጥ ፈታሽ ነበርኩ። የተገጣጠመው ራዲዮ ፊቴ ይመጣል፣ አበራዋለሁ፣ ድምፁን እሰማለሁ፣ ካልሰማሁ ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ። ከለውጡ በኋላ ቅነሳ መጣና ስሜ ከተቀነሱት ጋር ተነበበ። የስንብት ወረቀቴን በቦርሳዬ ይዤ መርካቶን ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። «ሠራተኛ ትፈልጋላችሁ? ብየዳ እችላለሁ፣ ቴስተር አነባለሁ» ስል የሚስቅብኝ ይበዛ ነበር። አንዱ «እህቴ፣ ሻይ ቤት ይሻልሻል» ብሎኛል።

ያልሳቁት ጋሼ ከድር ብቻ ናቸው። ከአንዋር መስጊድ ጀርባ፣ በሁለት የጨርቅ ሱቆች መሃል የተሰነቀረች የሰዓት መጠገኛ ነበረቻቸው። ሱቅ ለማለት ይከብዳል፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በር ላይ ይቆማል። ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። ቀና ብለው አዩኝና ከጠረጴዛቸው ላይ ትንሽ መስታወት አንሥተው በጠርዟ አቀበሉኝ።

«ጣትሽን መሃሉ ላይ አታሳርፊ። ምን ይታይሻል?»

«ምንም አይታየኝም ጋሼ።»

«በሩ ላይ ሂጂና ወደ ሰማይ ያዢው።»

«አሁንም ምንም።»

ጥቁር መነጽር የመሰለ ስስ ፕላስቲክ ቁራጭ ሰጡኝ። «በዚህ አሻግረሽ እያዞርሽው እዪው።» ሳዞረው መስታወቱ ድንገት ጠቆረ። ትንሽ ስጨምር ነጣ። እንደገና ጠቆረ። መንገዱ ላይ በርበሬ የተሸከመ ሰው «ዞር በዪ!» እያለ ሲገፋኝ እንኳ ዓይኔን አልነቀልኩም።

«ብርሃን አቅጣጫ አለው» አሉኝ ጋሼ ከድር ከኋላዬ። «ይኼ ፕላስቲክ አንዱን አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ፈሳሹ ደግሞ ብርሃኑን ይዞ ያዞረዋል። ነገ በጧት ነይ።»

በማግሥቱ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ እዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ብዙ ዓመት ኖርኩ።

ጋሼ ከድር ሲሠሩ ልማዳቸው ነበራቸው። መስታወት ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ። የፈቱትን ብሎን ነጭ ጨርቅ ላይ የሚደረድሩት እቃው ላይ በነበረበት ቦታ ነው፤ ጨርቁን ያየ ሰው የሰዓቱን ጀርባ ያየ ያህል ነው። «ሞቷል» የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም፤ «ዝም ብሏል» ነው የሚሉት። ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነበር። ብልሽቱን አገኘሁት ብዬ በደስታ ስነግራቸው፣ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «እሺ፤ ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል?» ይላሉ። አንድ ምክንያት ካመጣሁላቸው ሁለተኛውን ይጠይቁኛል። እኔ ቶሎ የሚቸኩል፣ ቶሎ የሚሰለች ሰው ነኝ፤ አንዳንዴ ብሎን መፍቻውን ጥዬ እስክነሳ ድረስ ያበሳጩኝ ነበር። እሳቸው ግን ሲቆጡ ድምፃቸው ይባስ ዝቅ ይላል እንጂ አይጮኹም።

ዓርብ ለጁምዓ ሲሄዱ ሰጋጁ መንገዱን ሁሉ ሞልቶ በራችን ድረስ ይደርሳል። እኔ ውስጥ ነኝ፤ መውጫ የለኝም። ያን ሰዓት ለልምምድ አደረግሁት። የተጣሉ ካልኩሌተሮች ፈትቼ መስታወቱንና ሰሌዳውን የምታገናኘውን ቀጭን ጎማ አጠናለሁ። ጥቁርና ነጭ ስስ ጭረት አላት፤ ጥቁሩ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ ነጩ ይከለክላል። ከጭረቶቹ አንዱ ላብ ወይም አቧራ ከነካው ቁጥሩ ከተሠራባቸው ሰባት ክንፎች አንዱ ይጠፋል።

ያቺ አንዲት ክንፍ ምን እንደምታደርግ ያወቅኩት አንዲት የቅመም ነጋዴ ሚዛኗን ይዛ የመጣች ጊዜ ነው። ሚዛኑን ጠረጴዛችን ላይ ወርወር አድርጋ «ይኼ ዕቃ ደኅና ነው፤ ደኅና መሆኑን ብቻ ንገሩኝና ሌባዬን ላባርር» አለች። ከጫኝ የምትረከበው ኮረሪማ መጋዘኗ ሲገባ እየጎደለ አስቸግሯታል። ዕቃ የሚያስገባላት የዘመዷ ባል ነው፤ ሰውዬው በሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። እኔ አብርቼ በቀኝ ጫፍ የወጣውን ዜሮ አየሁ፤ ደኅና ነው። «ሚዛኑ ምንም የለበትም» ልል ስል ጋሼ ከድር «ሌላስ?» አሉ። ድንጋይ፣ ብረት፣ ያገኘነውን ሁሉ እየጫንን የሚወጣውን ቁጥር ጠራን። በግራ ጫፍ ስምንት መውጣት ሲገባው ስድስት ሆኖ ታየ። የላይኛዋ የቀኝ ክንፍ የለችም።

ጎማዋን አውጥቼ በአልኮል ጠራረግሁና መለስኳት። ስምንቱ ስምንት ሆነ። ሴትዮዋ ቁጥሩን አየችው። ከዚያ ወደ በሩ ዞራ «ና እንሂድ» አለችው ሰውዬውን፤ ይቅርታ አላለችም፤ ሚዛኑን ግን ለእሱ አላሸከመችውም፣ ራሷ ተሸክማ ወጣች። በእኔ ትዕግሥት ማጣት የተነሣ ሰው እንጀራውን ሊያጣ ምን ያህል ቀርቶት እንደነበር ማሰብ አልተውሁም።

ከእሳቸው የተማርኩት ሌላው ትልቅ ነገር ስለ ኤሌክትሪክ ጅረት ነው። አንድ ጧት ደኅና የሚሠራ መስታወት አወጡና ያለ ሰሌዳው በቀጥታ ከባትሪ ጋር አገናኙት። ቁጥሩ ቦግ ብሎ ታየ። «እንዲያውም ጥሩ ሠራ» አልኩ። «ተዪው፣ እስከ ማታ ይቆይ» አሉኝ። ሱቅ ልንዘጋ ስንል ቁጥሮቹ ጠርዛቸው ተቃጥሎ፣ ውስጡ አረፋ ቋጥሮ አገኘነው። «ፈሳሹ በአንድ ወገን ብቻ ሲገፋ ይታመማል። ለዚህ ነው ሰሌዳው በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ጅረቱን ወዲያና ወዲህ የሚያገላብጥለት» አሉኝ። ባሕርዩ ከእኔ ጋር ይመሳሰላል ብዬ ሳቅሁ፤ እሳቸውም ሳቁ።

ቤቶቹ ለልማት ይፈርሳሉ ተባለና ፈረሱ። በምትኩ ፎቅ ተሠራ። ለጋሼ ከድር ከላይ ጥግ ላይ ክፍል ደርሷቸው ነበር፤ ሄደው አዩትና «መስኮት የለውም» ብለው መለሱት። ዓይናቸውንም ሞራ ጀምሮት ነበር። አማኑኤል አካባቢ ወዳለው ቤታቸው ገቡ። እኔ እዚያው ፎቅ ላይ ሞባይል አስመጪ ለሆነው ለሸምሱ ተቀጠርኩ።

ሸምሱ በዕድሜ ታናሼ ነው፤ ፈጣን፣ ተጫዋች፣ ሁለት ስልክ ባንድ ጊዜ የሚያናግር ሰው። የእሱ ትምህርት አጭር ናት፤ «እትዬ፣ ቀይሪው!» ስክሪን ውሃ ገባበት፣ ቀይሪው። መስመር ወጣበት፣ ቀይሪው። ምንድን ነው የነካው ብዬ ልመረምር ስቀመጥ በጀርባዬ ያልፍና «ሐኪም ቤት አይደለም ያለነው፤ ሰውዬው አውቶቡስ ያመልጠዋል» ይለኛል። አልፈርድበትም፤ ወረፋው እስከ ደረጃው ይደርስ ነበር። እኔ ግን ቀን በገፋ ቁጥር የሆነ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። የተሰበሩት ስክሪኖች በጆንያ ተጠራቅመው በየሳምንቱ ይጣላሉ። ማንም ውስጣቸውን አያይም። ማታ ቤቴ ስገባ አጥብቄ የያዝኩት ነገር ያለ ይመስለኝና እጄን እዘረጋዋለሁ፤ ባዶ ነው።

ፍሬሕይወት የመጣችው እንዲህ ባለሁበት ሰሞን ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆናት፣ ጫማዋ የመርካቶ ጭቃ የጠገበ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ የያዘች ሴት ናት። ሰልፉን አልፋ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች።

«እትዬ፣ የተበላሸ ስክሪን ይሸጣሉ?»

«የተበላሸ ምን ያደርግልሻል?»

«መስታወቱን ነው የምፈልገው። ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው ፊቱ ሳይጫር።»

ቀና ብዬ አየኋት። በዚያ ሁሉ ዓመት መስታወቱ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ፊት እንዳለው አውቆ የመጣ ደንበኛ አልነበረኝም። ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ታስተምራለች፤ ለዶክትሬቷ የምታጠናው ራሷ የሠራችውን ፈሳሽ ክሪስታል ነው። መስታወቱ ከውጭ ታዞ የውጭ ምንዛሬ ሲጠበቅ ዓመት አለፈው። የተሰጣት ጊዜ እያለቀ ነው፤ ካላጠናቀቀች ትምህርቱ ይቋረጥባታል።

ከቦርሳዋ ትንሽ ብልቃጥ አወጣች። ታችዋ ላይ ነጭ ዱቄት አለ። «የእርስዎ ስክሪን ውስጥ ያለው ቅንጣቱ ከመነሻው ረጅም ሆኖ የተሠራ ነው። የእኔ ግን ሁለት አጫጭር ነገሮች ናቸው። ለየብቻቸው የምፈልገውን አይሠሩም። ስቀላቅላቸው የአንደኛው ሃይድሮጅን ሁለተኛውን ይይዘዋል፤ ተያይዘው አንድ ረጅም ይሆናሉ። ያን ጊዜ ይሰለፋሉ።»

«ጠንካራ ነው አያያዙ?»

«አይደለም። ዋናው ነገር እሱ ነው። ሲሞቁ ይለቃቀቃሉ፣ ሲበርዱ ተመልሰው ይያያዛሉ። ብርሃኑም ኤሌክትሪኩም ከዚያ ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ ነው ማወቅ የምፈልገው።»

ሸምሱ ከሩቅ «እትዬ፣ ወረፋ!» አለኝ። እኔ ብልቃጧን ወደ መስኮቱ አንሥቼ እያየሁ ነበር። «ነገ በምሳ ሰዓት ነይ» አልኳት።

እንዲህ ተጀመረ። በምሳ ሰዓትና ሱቅ ከተዘጋ በኋላ ትመጣለች። መስታወቱን ከትላልቅ የሚዛን ስክሪኖች አወጣን፤ የሞባይሉ ጅረት ማሳለፊያው በጥቃቅን መስመር ተሸንሽኖ አልሆነንም። ፈልቅቀን፣ አሮጌውን ፈሳሽ አጥበን፣ የትኛው ፊት ጅረት እንደሚያሳልፍ በቴስተር ለየን። ሁለቱ መስታወቶች እንዳይነካኩ በመካከላቸው እጅግ ስስ ነገር ያስፈልጋል። ይህን የሰጠኝ የፋብሪካው ዘመኔ ነው፤ የአሮጌ ራዲዮ ካፓሲተር ስትተረትሩት ውስጡ እንደ ጥቅል የሚወጣ ስስ ላስቲክ አለ፣ ሙቀትም ይችላል። ፈሳሹ በአንድ አቅጣጫ እንዲሰለፍ ደግሞ መስታወቱ ስስ ነገር ተቀብቶ በለስላሳ ጨርቅ በአንድ አቅጣጫ ብቻ መታሸት አለበት። ፍሬሕይወት የሚቀባውን አመጣች፤ እኔ ጨርቅ ተራ ሄጄ ከፋይ የሚባለውን ጨርቅ ገዛሁ። ነጋዴው «ለቀሚስ ነው?» ሲለኝ «ለመስታወት» አልኩት። ጠርዙን በባለ ሁለት ቱቦ ሙጫ አሸግን። ማሞቂያውን ከካውያ አወጣን።

ሸምሱ መጀመሪያ «ይቺ አስተማሪ ሱቄን ላቦራቶሪ አደረገችው» ብሎ አጉረመረመ። በሳምንቱ ግን የስክሪኑን ጆንያ ራሱ ተሸክሞ አምጥቶ እግሯ ሥር አስቀመጠላት።

የመጀመሪያዋ የተሳካች መስታወት በማይክሮስኮፕ ሥር ስትገባ ፍሬሕይወት ዩኒቨርሲቲ ድረስ ወሰደችኝ። በሁለቱ ጥቁር ፕላስቲኮች መሃል አስገብተን አሞቅናት። ሁሉ ጨለማ ሆነ፤ ፈሳሹ ሰልፉን በትኖ ተራ ፈሳሽ ሆኗል ማለት ነው። ከዚያ ቀስ ብለን እንድትበርድ ተውናት። ከጨለማው መሃል እንደ ጤዛ ያሉ የብርሃን ነጥቦች ብቅ አሉ። ነጥቦቹ ሰፉ፣ ተጋጠሙ፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ቀለም ሆነው ሜዳውን ሞሉት። በማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍቼ ቀረሁ። ፍሬሕይወት «እኔም ልይ እንጂ እትዬ» እያለች ትከሻዬን ትጎትተኛለች።

«ተያያዙ?» አልኳት።

«ተያያዙ።»

ተለዋዋጭ ጅረት ስንሰጣት ቀለሙ ይናወጣል፣ ቀጫጭን መስመሮች ይዘረጋሉ። በውስጧ የሚያልፈውን ጅረት ለካን። ከጠበቅነው በላይ ነው። ስናሞቃት ይጨምራል፤ በማግሥቱ ደግሞ ካለፈው ይበልጣል። ፍሬሕይወት ፊቷ በራ። ሃይድሮጅኑ ራሱ ከአንዱ ቅንጣት ወደ ሌላው እየዘለለ ጅረት የሚሸከም ከሆነ ትልቅ ነገር ነው አለችኝ። ወራት ለካን። እኔ ሌላ መስታወት፣ ሌላ መስታወት እሠራለሁ፤ እሷ ትለካለች፤ ሁሉም ያንኑ ያሳያል። ለትምህርት ክፍሏ መምህራን ቀርባ ተናገረች። አጨበጨቡላት። ካገኘችው አንድ ጽሑፍ አዘጋጅታ ወደ ውጭ ለመላክ ተዘጋጀች።

ክረምት ገብቶ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ ፀጉሯ ውሃ እያንጠባጠበ መጣች። ጃንጥላ እጇ ላይ አለ፤ አልዘረጋችውም።

«እትዬ፣ ሙጫው ነው» አለችኝ።

«የቱ ሙጫ?»

«አማካሪዬ ለጥንቃቄ በሌላ ፈሳሽም ለኪው አለኝ። ጅረት በማያሳልፍ ዘይት ሞላኋት። ያው ጅረት መጣ፤ ስትሞቅ ጨመረ፣ በማግሥቱ በለጠ።» ቁጭ አለች። «ሲሞቅ ከሙጫው የሆነ ነገር እየሟሟ ይገባል። ጅረቱን የሚሸከመው የእኔ ፈሳሽ አይደለም። ያ ሁሉ ወር የለካነው ሙጫውን ነው።»

በዚያ ሁሉ ጊዜ «ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል?» ያለ ሰው በመካከላችን አልነበረም። ሁለታችንም መልሱን ወደነው ነበር። ብልቃጧን አወጣች፤ ዱቄቱ ታችዋን እንኳ አልሸፈነም። እንደገና ለመሥራት የሚያስፈልገው ኬሚካል አልቋል፤ ጊዜም የለም። ሸምሱ ቆሞ ሲሰማ ቆይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ከተተ።

«ማንም አላወቀም ገና?» አላት።

«አማካሪዬና እናንተ።»

«ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እነግራቸዋለኋ!» አለችው ተቆጥታ። ከዚያ አለቀሰች።

የነገረቻቸው ቀን ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። ያለፈው ጊዜ የተናገርኩት ስሕተት ነው ብላ ጀመረች። ከፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት መምህር «ታዲያ ይህን ያህል ጊዜ ምንድን ነው የለካሽው?» አሏት።

«ሙጫ» አለች።

ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፤ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። «አሁን ፈሳሹን እለካለሁ» ብላ ቀጠለች። ድምፅዋ ቀጥ ብሎ ከኋላ ድረስ ይሰማኝ ነበር።

እኔ ከዚያ አዳራሽ ወጥቼ ቤቴ አልገባሁም። በቀጥታ አማኑኤል ወረድኩ። ጋሼ ከድር በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሞራው ስለገፋ በድምፄ ነው የለዩኝ። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ሙጫ የማይነካት፣ ሙቀት የምትችል፣ ሁለት መስታወት ጥርቅም አድርጋ የምትይዝ ነገር እፈልጋለሁ አልኳቸው።

«ሰዓት ውሃ እንዳይገባው ሙጫ ይቀባል?» አሉኝ።

«አይቀባም። ክዳኑ በብሎን ይጠብቃል።»

«እህስ!»

ልጃቸውን ጠርተው ከአልጋ ሥር ሣጥን አስወጡ። በጣታቸው እየዳበሱ ከውስጡ አንድ ከባድ የዋናተኛ ሰዓት ቀፎ አወጡ፤ ማሽኑ የለውም። እኔ እያየሁ፣ እሳቸው እየዳበሱ ተነጋገርን። መስታወቶቹ ቀፎው ውስጥ ይገባሉ። ክዳኑ መሃሉ ተበስቶ ብርሃን ያሳልፋል፤ ሲጠብቅ ዙሪያውን እኩል ይጫናል። ብረቱ ጅረቱን እንዳይነካው ከካውያ የሚወጣው ማይካ የተባለ ስስ ድንጋይ በቀለበት ቅርጽ ተቆርጦ ይገባል። ሽቦዎቹስ በየት ይውጡ ስል፣ ሰዓት መሙያዋ ትገባበት የነበረችውን ቀዳዳ በጥፍራቸው አሳዩኝ። ምናለሽ ተራ ያለ አንድ ቀጥቃጭ ክዳኑን በሳልኝ፤ ቀለበቶቹን ራሴ ቆረጥኩ። ሦስቱ ተሰነጣጥቀውብኝ አራተኛው ሆነ።

የቀረችውን ዱቄት አቅልጠን ሞላናት። ከዚያ በፊት ግን ፍሬሕይወት ባዶዋን ለካች፤ በዘይት ሞልታ ለካች። ምንም የለም። ከዚያ አጥበን የራሷን ፈሳሽ አስገባን። ጅረቱ ትንሽ ሆነ፤ ካለፈው ጋር ሲተያይ ምንም የሌለ ያህል። በማግሥቱም ያው ነው። ትልቁ ነገር ቀረ። ነገር ግን ቀስ እያልን ስናሞቃት፣ ብርሃኑ በሚጠፋበት በዚያው ሙቀት ላይ ጅረቱም አብሮ ተለወጠ። ስናበርዳት ሁለቱም አብረው ተመለሱ። ደጋገምነው። ፍሬሕይወት ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠችና «ትንሽ ናት፤ ግን የራሷ ናት» አለች። ዶክትሬቷን ያገኘችው በዚያች ትንሽ ነገር ነው።

ጋሼ ከድር ይህን ስነግራቸው «በርትታለች» አሉ። በቀጣዩ ረመዳን አረፉ። ቀብራቸው ላይ ሴቶቹ ከቆምንበት ራቅ ብሎ ሸምሱ ሲያለቅስ አየሁት፤ ለካ እሱም በልጅነቱ ሰዓት ያስጠግን የነበረው እሳቸው ጋ ነው።

ፍሬሕይወት ላቦራቶሪ ስትረከብ «እትዬን ቴክኒሻን አድርጌ ካላመጣሁ» ብላ ጸናች። ዲፕሎማ የለኝም፤ ስለዚህ ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ከረመ። በመጨረሻ በኮንትራት ገባሁ፣ በኋላ ቋሚ ሆንኩ። ሸምሱ «እትዬ፣ ቀየርሽኝ!» ብሎ ሸኘኝ። እዚያ የቆየሁባቸው ዓመታት ከሁሉም ጸጥ ያሉት ናቸው ብል ውሸት ይሆናል፤ መብራት ይጠፋል፣ ማሞቂያ ይቃጠላል፣ ተማሪ መስታወት ይጥላል፤ እኔ ደግሞ አርፌ አልቀመጥም። ለተማሪዎቹ ሁሉ መስታወት የምሠራላቸው በእጄ ነበር፤ በከፋይ እያሸሁ፣ ላስቲክ እየተረተርሁ። ጡረታዬ እስኪደርስ።

ባለፈው ወር ፍሬሕይወት ደወለችልኝ። «እትዬ፣ የመጣ ነገር አለ፤ ቢያዩት ደስ ይለኛል።» ታክሲ ይዤ ሄድኩ። ጠረጴዛዋ ላይ ካርቶን ተከፍቷል፤ ውስጡ እንደ መድኃኒት የተደረደሩ ፋብሪካ የሠራቸው ዝግጁ መስታወቶች። አንዱን በጠርዙ አንሥቼ አየሁት። ክፍተቱ አንድ ወጥ ነው፤ ፊቱ ላይ ጭረት የለም። እኔ አንድ ቀን ሙሉ ለፍቼ እንዲህ ያለ ወጥቶልኝ አያውቅም።

«እርስዎ ይሙሉት» አለችኝ።

ያንኑ የድሮውን ፈሳሽ፣ አዲስ የተሠራውን፣ አቅልጬ ጠርዙ ላይ አስነካሁት። ስቦ አስገባው። ፍሬሕይወት ሽቦዎቹን ካገናኘችልኝ በኋላ አሞቅኩት፣ ጨለመ። እንዲበርድ ተውኩና በማይክሮስኮፑ አጎነበስኩ። በእኔ መስታወቶች ውስጥ ሁልጊዜ መስመሮች፣ ጠባሳዎች፣ የሚያብረቀርቁ ጥግ ጥጎች ነበሩ፤ የፈሳሹ ጠባይ ይመስሉኝ ነበር። አሁን አንዳቸውም የሉም። ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀለም፣ ጸጥ ያለ፣ ጥርት ያለ ወርቃማ። ያ ሁሉ ጭረት ፈሳሹ ሳይሆን መስታወቱን ያሸሁበት የእኔ ከፋይ ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት ይህን ፈሳሽ ራሱን ብቻውን አይቼው አላውቅም ማለት ነው።

ቀና አላልኩም።

«እትዬ፣ ይከፋዎታል ብዬ ፈርቼ ነበር» አለችኝ ፍሬሕይወት ቀስ ብላ።

«ከፍቶኛል» አልኳት፣ ዓይኔን ሳልነቅል። «ቮልቴጁን ጨምሪው።»